አዲስ ስልክ ሲቀይሩ፦ ዛሬ የሚፈተነውና ሳምንት የሚጠበቀው

አዲስ ስልክ በእጅ በገባ በመጀመሪያው ቀን የሚሰጥ ፍርድ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ባትሪው ቶሎ ሲወርድና ጀርባው ሲሞቅ የገዛው ሰው «ተሸወድኩ» ይላል፤ እነዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ በራሳቸው ይስተካከላሉ። ስክሪኑ ላይ ያለች አንዲት የማትበራ ነጥብ፣ ድምፅ የማይወስድ ማይክ ወይም የውሸት ሜሞሪ ግን በዚያው ቀን ካልተያዘ ሻጩ የሰጠው የመመለሻ ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ ዛሬውኑ የሚፈተነውን ከሚታገሡት መለየት ያስፈልጋል። አሮጌው ስልክ ደግሞ ሳምንቱ እስኪሞላ ድረስ አይሸጥም፣ አይሰጥም፣ በውስጡ ያለውም አይጠፋም። ለምን እንደሆነ ከታች ይገባዎታል።

ከሻጩ ሳይለዩ

መደወያው ላይ ኮከብ መሰላል ዜሮ ስድስት መሰላል ይጻፉ፦ *#06#። ባለ 15 አኃዝ የአይኤምኢአይ ቁጥር፣ ማለትም የስልኩ የራሱ መለያ ቁጥር፣ ይመጣል፤ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር ያሳያል። ካርቶኑ ላይ ከታተመው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩት። ካልገጠመ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነውና ግዢውን ያቁሙ። ከገጠመ ካርቶኑን ፎቶ አንሥተው ከስልኩ ውጭ ያስቀምጡ፤ ስልኩ ቢሰረቅ በመጀመሪያ የሚያስፈልግዎት ይህ ቁጥር ነው።

ሳምሰንግ ከሆነ በብዙዎቹ ላይ *#0*# ሲጻፍ የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን እየተጫኑ ስክሪኑን በሙሉ በአንድ ቀለም ይሙሉትና ነጥብ ወይም ጥላ ካለ ይፈልጉ። በዚያው ገጽ «ተች» የሚለውን ከፍተው ሳጥኖቹን ሁሉ በጣትዎ ይሙሉ፤ የማይሞላ ሳጥን ካለ እዚያ ቦታ ላይ ስክሪኑ ንክኪ አይሰማም ማለት ነው። በሌላ ስልክ አንድ ሙሉ ነጭና አንድ ሙሉ ጥቁር ፎቶ ከፍቶ ማየት ይበቃል። ከዚያ ድምፅ ቀድተው መልሰው ይስሙ፣ ለአንድ ሰው ደውለው በጆሮም በስፒከርም ያውሩ፣ የፊትና የኋላ ካሜራውን ይክፈቱ፣ ቻርጀር ይሰኩ። ይህ ሁሉ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም።

ሜሞሪው ላይ ቆም ይበሉ። 128 ጊጋ የተባለ ስልክ 119 አካባቢ ቢያሳይ ማጭበርበር አይደለም፤ ፋብሪካው በ1000 እያባዛ ሲቆጥር ብዙ ስልኮች በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው። ሲስተሙም ራሱ ብዙ ጊጋ ይይዛል። የሚያሳስበው በርካሽ የሚሸጠው «512 ጊጋ» ኮፒ ስልክ ነው። ሴቲንጉ 512 ብሎ ይጽፋል፣ ውስጡ ያለው ቺፕ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የሚያጋልጠው በርከት ያሉ ትልልቅ ቪዲዮዎችን መጫንና የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም መክፈት ነው፤ ቺፑ ከሞላ በኋላ የገባው ፋይል ስሙ ይታያል እንጂ አይከፈትም። ራም (ስልኩ አፖችን ሲያሠራ የሚጠቀምበት ፈጣን ሜሞሪ) ላይ «8+8» ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ እውነተኛው ራም 8 ብቻ ነው። ሁለተኛው 8 ከማከማቻው ላይ የተበደረ ሲሆን ፍጥነቱ ከራም ጋር አይወዳደርም። ዋጋ ሲነጻጸር 8 ተብሎ ነው መቆጠር ያለበት።

ከአሜሪካ ወይም ከአረብ አገር ዘመድ የላከው ስልክ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ገብተው «ካሪየር ሎክ» የሚለውን ይዩ፤ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካላለ ስልኩ ለአንድ የውጭ ኔትወርክ የተቆለፈ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ አይፎን 14 እና ከዚያ ወዲህ የወጡት ደግሞ የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም፣ ብቻ ይሠራሉ። እንዲህ ያለ ስልክ ከመግዛትዎ ወይም «ላኩልኝ» ከማለትዎ በፊት መስመርዎ ወደ ኢሲም መቀየር ይችል እንደሆነ አገልግሎት ማዕከል ጠይቀው ያረጋግጡ። ያገለገለ ስልክ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ።

ሲሙን ማስገባት

ከስልኩ ጋር የመጣችውን መርፌ ወደ ቀዳዳው ከመግፋትዎ በፊት ቀዳዳው የሲም መሳቢያው ጠርዝ ላይ መሆኑን ይዩ። ብዙ ስልኮች አጠገቡ ሌላ ትንሽ ቀዳዳ አላቸው፤ ያ ማይክ ነው፣ መርፌ ከገባበት ሊበላሽ ይችላል። የዛሬ ስልኮች የሚቀበሉት ናኖ ሲም 12.3 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌ ትልቅ ሲም በመቀስ መቁረጥ አንሸሽግም፣ ይሠራል፤ ግን ጠርዙ ሸካራ ሆኖ መሳቢያው ውስጥ ሲቀረቀር የማስወጫው ጣጣ ይበልጣል። መታወቂያ ይዞ ሄዶ ማስቀየር ይሻላል። ሜሞሪ ካርድ የሚቀበል ስልክ መሳቢያው ባለ ሁለት ቦታ ብቻ ከሆነ ሁለተኛው ቦታ ወይ ሲም ወይ ሜሞሪ ካርድ ነው፣ ሁለቱን አይዝም።

ስሞቹ የት ነው ያሉት?

በስልኩ ውስጥ ያለውን ወደ አዲሱ ከማሻገርዎ በፊት በአሮጌው ስልክ ላይ የስልክ ቁጥሮቹ የተቀመጡት ሲሙ ላይ፣ ስልኩ ላይ ወይስ ጂሜይል ላይ እንደሆነ ይዩ። ብዙ ሰው ሦስቱም ላይ ተበታትነውበት ሳያውቅ ይኖራል። ሲም ካርድ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ 250 ስም ነው፤ ስሙንም ያሳጥረዋል፣ በአማርኛ ሲጻፍ ደግሞ ይበልጥ ይቆርጠዋል። ኮንታክት ውስጥ ገብተው ሁሉንም ወደ ጂሜይል አካውንትዎ ያዛውሩ። ከዚያ በኋላ የትኛውም አንድሮይድ ላይ ያንን አካውንት ሲያስገቡ ስሞቹ ተከትለው ይመጣሉ።

አዲሱ ስልክ ሲበራ «ከአሮጌው ስልክ ላምጣልዎ?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ቸኩለው «ስኪፕ» አይበሉ፤ በብዙ ስልኮች በኋላ ያንኑ ዕድል ለማግኘት ስልኩን ሪሴት ማድረግ፣ ማለትም ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር፣ ግድ ይሆናል። ሁለቱንም ስልኮች ከግማሽ በላይ ቻርጅ ያድርጉና በገመድ ያገናኙ። ገመዱ ከዋይፋዩ የበለጠ ፈጣንና አስተማማኝ ነው፣ ፎቶና ቪዲዮው ሲሻገርም ኢንተርኔትዎን አይበላም። ጎግል በነጻ የሚሰጠው ቦታ 15 ጊጋ፣ አፕል የሚሰጠው 5 ጊጋ ብቻ ስለሆነ የዓመታት ፎቶ «ባክአፕ ተደርጓል» ብሎ መተማመን አይገባም።

ዋትስአፕ፣ ቴሌግራምና ገንዘብ

ብዙ ሰው የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው።

ዋትስአፕ በአዲሱ ስልክ ላይ ቁጥርዎን ሲመዘግቡ አሮጌው ላይ ይዘጋል። ስለዚህ አስቀድመው በአሮጌው ሴቲንግ፣ ቻትስ፣ «ትራንስፈር ቻትስ» ይክፈቱ፤ አዲሱ የሚያሳየውን ኪውአር ኮድ በአሮጌው ካሜራ ሲያነሡ መልእክቶቹ ቀጥታ ይሻገራሉ። ይህ ከአንድሮይድ ወደ አንድሮይድ፣ ከአይፎን ወደ አይፎን ነው። ከአንድሮይድ ወደ አይፎን የሚቀይሩ ከሆነ ጎግል ላይ ያለው ባክአፕ አይነበብም፤ አይፎኑ ገና ሲዋቀር «ሙቭ ቱ አይኦኤስ» በሚባለው አፕ ብቻ ነው የሚሻገረው። በባክአፕ የሚመልሱ ከሆነ ደግሞ «ሪስቶር» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ሲመዘገቡ ብቻ ነው። ያለፉት ከሆነ አፑን አጥፍተው እንደገና መጫን አለብዎት።

ቴሌግራም በአንጻሩ ምንም ማጓጓዝ አይፈልግም፣ መልእክቶቹ ሰርቨር ላይ ናቸው። ግን መግቢያ ኮዱን የሚልከው በመጀመሪያ አሮጌው ስልክ ላይ ወዳለው ቴሌግራም ነው። አሮጌውን ቀድሞ ያጸዳ ሰው ኮዱን ሲጠብቅ የሚውለው ለዚህ ነው። «ሲክሬት ቻት» የሚባሉት ንግግሮች የተጀመሩበት ስልክ ላይ ስለሚቀሩ ከእነሱ የሚያስፈልግዎትን አስቀድመው ያውጡ። ኮዱን ማንም ቢጠይቅ፣ የቅርብ ወዳጅ በሆነ ሰው ስም ቢጻፍም እንኳ፣ አይስጡ።

የቴሌብር ገንዘብ ያለው አካውንትዎ ላይ ነው፣ ስልኩ ውስጥ አይደለም። አፑ አዲሱ ላይ እስኪስተካከል ድረስ በ*127# መጠቀም ይችላሉ። የንግድ ባንክ ተጠቃሚም በሞባይል ባንኪንግ ከተመዘገበ *889# አለው። የብዙ ባንኮች አፕ ግን ከአንድ ስልክ ጋር የታሰረ ነው፤ አንዳንዱ በአጭር መልእክት በሚመጣ ኮድ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ቅርንጫፍ ድረስ ያስኬዳል። ስለዚህ ስልክ የሚቀየርበት ቀን አርብ ማታ ባይሆን ይመረጣል፤ በተለይ ቅዳሜ የቤት ኪራይ ለሚከፍል ሰው። ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ የሚያመነጭ የማረጋገጫ አፕ ካለዎት ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱን ያሻግሩ። እሱ ከጠፋ ኢሜይልዎም ፌስቡክዎም ሊዘጋብዎት ይችላል።

ፓኬጁ በአንድ ሌሊት እንዳያልቅ

አዲስ ስልክ ኢንተርኔት ካገኘ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ጊጋ ሊጎትት ይችላል፦ የሲስተም ማሻሻያ፣ የሁሉም አፖች ማሻሻያ፣ የፎቶ ባክአፕ። ዳታ ከመክፈትዎ በፊት ፕሌይ ስቶር ላይ ማሻሻያ በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን፣ ጎግል ፎቶስ ላይ በሞባይል ዳታ ባክአፕ እንዳያደርግ፣ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ያድርጉ። ሁለት ሲም ካለዎት ዳታ የተከፈተው ፓኬጅ ባለው ሲም ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በሌላኛው ከሆነ የሚበላው ቀሪ ሒሳብዎን ነው።

አማርኛ ለመጻፍ ጂቦርድ በሚባለው የጎግል ኪቦርድ ላይ «ላንጉጅስ» ገብቶ አማርኛን መጨመር ይበቃል። ከማይታወቅ ሰው የተሠራ ኪቦርድ መጫን ግን አንመክርም፤ ኪቦርድ የሚጻፈውን ሁሉ፣ የባንክ ሚስጥር ቁጥርን ጭምር፣ ማየት ይችላል። በአማርኛ የሚላክ አንድ አጭር መልእክት 70 ፊደል ብቻ እንደሚይዝ፣ በላቲን ፊደል 160 እንደሚይዝም ማወቅ ከሒሳብ ያድናል።

ባትሪውን በሳምንቱ ይፍረዱ

«መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ቻርጅ አድርገው» የሚለው ምክር የድሮ የኒኬል ባትሪ ምክር ነው። የዛሬው የሊቲየም ባትሪ እንደመጣ መጠቀም ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ቶሎ የሚያልቀው ስልኩ ከጀርባ ፎቶዎችን ስለሚለይ፣ አፖችን ስለሚያሰናዳ፣ ባለቤቱም ስክሪኑን ከልማዱ በላይ ስለሚከፍት ነው። ሙቀቱም ከዚያ ይመጣል። ከሳምንት በኋላ ማታ ሲተኙ ፐርሰንቱን ይጻፉ፣ ጧት ይዩት። በስምንት ሰዓት 3 ወይም 5 ቢወርድ ደኅና ነው። 15 እና ከዚያ በላይ ከወረደ ሴቲንግ፣ ባትሪ ገብተው የትኛው አፕ እንደሚበላው ይፈልጉ። 5ጂ በሌለበት ሰፈር የኔትወርክ ምርጫውን 4ጂ ላይ ማድረግ ብዙ ይረዳል፤ ደካማ ሲግናል ስልኩ ኃይል ጨምሮ እንዲልክ ያስገድደዋልና።

ቻርጅ ሲዘገይም ባትሪውን ከመክሰስ በፊት ሒሳቡን መሥራት ነው። 5000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ባለ 10 ዋት ቻርጀር፣ በመንገድ የሚባክነው ሲጨመር፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። ስልኩ 33 ዋት ቢቀበልም ቻርጀሩና ገመዱ የራሱ ዓይነት ካልሆኑ ብዙ ጊዜ ወደ ዝቅተኛ ፍጥነት ይወርዳል። ብዙ ውድ ስልኮች ዛሬ ያለ ቻርጀር ስለሚሸጡ ይህ ችግር ተበራክቷል። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚፈጠረው የቮልቴጅ መዋዠቅ ቻርጀር ሊያቃጥል ይችላል።

ሌሎች ቅሬታዎች አጭር መልስ አላቸው። ሲያወሩ ስክሪኑ ጠቁሮ አልመለስ ካለ ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የተለጠፈው መከላከያ ግላስ ከላይ ያለውን ሴንሰር ሸፍኖት ነው። ጣት አልቀበል ካለ ግላሱ ከተለጠፈ በኋላ አሻራውን እንደገና ያስመዝግቡ። ፊት የተለሰነ ከመሰለ ካሜራው ላይ «ቢውቲ»ን ያጥፉ። ባለ 50 ሜጋፒክስል ካሜራ 12.5 ሜጋፒክስል ፎቶ ቢሰጥ አልተበላሸም፣ አራት አራት ነጥብ እያዋሐደ ብርሃን እንዲሰበስብ የተሠራ ነው።

አሮጌውን መልቀቅ

ሳምንቱ አልፎ ባንኩም ቻቱም ፎቶውም አዲሱ ላይ መኖሩን ካዩ በኋላ በቅደም ተከተል ይሂዱ። ሜሞሪ ካርዱንና ሲሙን ያውጡ። አሮጌው ስልክ አይፎን ከሆነ የጠፋ ስልክ መፈለጊያውን «ፋይንድ ማይ»ን አጥፍተው ከአፕል አካውንትዎ ይውጡ፤ አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ አካውንትስ ገብተው ጂሜይሉን ያስወግዱ። ሪሴት የሚደረገው ከዚህ በኋላ ነው፣ ያውም ከሴቲንግ ውስጥ። አካውንቱ ሳይወጣ ከሴቲንግ ውጭ፣ የስልኩን የጎን ቁልፎች ተጭኖ በሚከፈተው የሪከቨሪ ገጽ የተጸዳ ስልክ ሲበራ የቀድሞውን ባለቤት አካውንት ይጠይቃል፣ የገዛው ሰውም ሊከፍተው አይችልም። ስለዚህ ሪሴት እንዳለቀ አንድ ጊዜ አብርተው ዋይፋይ ያገናኙትና የመጀመሪያዎቹን ገጾች ይለፉ። የእርስዎን የቀድሞ አካውንት ወይም ፒን ሳይጠይቅ አዲስ አካውንት እስከሚጠይቅበት ገጽ ከደረሰ እዚያው አጥፍተው ለገዢው ይስጡት።