የአረጋውያን ወላጆች ክፍል ሽታ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስና በልደታ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ የምንከባከብ ነርስ ነኝ። ልጆች በር ሲከፍቱልኝ ከሰላምታው ቀጥለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሽታው አልጠፋ አለን» ይሉኛል። ወለሉ በበረኪና ታጥቧል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ መጋረጃው ላይ ሽቶ ተረጭቷል። እንደደከሙበት ያስታውቃል። ሆኖም ሽታ የሚጠፋው ከምንጩ ሲነቀል ነው፤ ምንጩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው በሚፈትገው ቦታ ላይ አይገኝም። አንዳንዱ ስህተት ድካም ብቻ ያተርፋል፤ አንዳንዱ ግን ወላጅን ይጎዳል። ከሚጎዳው ልጀምር።

«ሽንት እንዳይበዛባቸው» ብሎ ውሃ መቀነስ

ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጠዋት አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ ምሳ ላይ ሁለት ጉንጭ ውሃ፣ ከዚያ በኋላ ምንም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ አንሶላ በየቀኑ ማጠብ ያደክማል፣ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ የአዋቂ ዳይፐር ዋጋው አይቀመስም። ውጤቱ ግን ከታሰበው ተቃራኒ ነው። ውሃ ያጣ ሰውነት የሚያወጣው ሽንት ጥቂት ቢሆንም የጠቆረና ሽታው የከፋ ነው። ፊኛን ስለሚቆጠቁጥም ቶሎ ቶሎ ያጣድፋል። ሆድ ይደርቃል፤ የደረቀው ሰገራ ፊኛን እየተጫነ ሽንት እንዲያመልጥ ያደርጋል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም መግቢያ ያገኛል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሰውነት ድርቀት አረጋዊን ያቃዣል፣ ያዞራል፣ ይጥላል። አንሶላ ለማዳን ተብሎ ዳሌ ይሰበራል!

ካዛንቺስ አንድ ቤት ውስጥ ልጆቹ እናታችን አእምሯቸውን እየሳቱ ነው ብለው ነገሩን ተቀብለውት ነበር። ምላሳቸውን ሳየው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሐኪም አይቷቸው ፈሳሽ በአግባቡ መውሰድ ሲጀምሩ የልጅ ልጆቻቸውን በየስማቸው መጥራት ጀመሩ። የክፍሉም ሽታ በእጅጉ ቀነሰ።

አረጋውያን ራሳቸውም «ልጄን አላስቸግርም» ብለው መጠጣት ያቆማሉ። በዚያ ላይ የጥም ስሜት በዕድሜ ስለሚደክም «ውሃ ጠማዎት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ብርጭቆውን ማቅረብ ያስፈልጋል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮባቸው ሐኪም መጠኑን ካልወሰነ በስተቀር በቀን ቢያንስ 1.5 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያስፈልጋቸዋል፤ ሾርባው፣ አጥሚቱና ወተቱም ይቆጠራል። አብዛኛውን ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ያዳርሱትና ከዚያ ይቀንሱ። ቡናውን ወደ ጠዋት ያምጡት። ሽንታቸው እስኪመጣ ሳይጠብቁም በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ ወደ መጸዳጃ ቤት ይውሰዷቸው። ብዙ አንሶላ የሚያተርፈው ይህ ነው።

በሽንት ላይ በረኪና ማፍሰስ

በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያዎች ሲሰባብሩት አሞኒያ ይፈጠራል፤ አፍንጫን የሚሰነፍጠው ሽታ እሱ ነው። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በረኪና ከአቸቶ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በኮንዶሚኒየም ጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ ይህ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ አስም ያለበትን ሰው ሆስፒታል ያደርሳል። ሽንት ባለበት ፖፖ ውስጥ በረኪና አይጨምሩ። መጀመሪያ ይድፉት፣ በብዙ ውሃ ያለቅልቁት፣ በረኪናው ከዚያ በኋላ ነው።

ፍራሽ ላይ ደግሞ በረኪና ዋጋ የለውም። ሽንት ሲደርቅ የዩሪክ አሲድ ቅንጣቶች ስፖንጁ ውስጥ ይቀራሉ፤ እነዚህ በውሃ በቀላሉ አይሟሙም። ታጥቦ የደረቀው ፍራሽ ክረምት ገብቶ አየሩ ሲረጥብ እንደገና የሚሸተው ለዚህ ነው። ሽንቱ ገና እርጥብ ሳለ በደረቅ ጨርቅ ተጭነው ያስመጥጡት እንጂ አይፈትጉት። በቀዝቃዛ ውሃ ያርሱትና መልሰው ያስመጥጡት። ከዚያ ኢንዛይም (እድፍን የሚሰባብር ንጥረ ነገር) ያለበት የልብስ ሳሙና ለብ ባለ ውሃ በጥብጠው ያርከፍክፉበትና እርጥብ እንደሆነ ለጥቂት ሰዓታት ይተዉት። ኢንዛይም ጊዜ ይፈልጋል፤ የፈላ ውሃ ደግሞ ያበላሸዋል። በመጨረሻ ሳሙናውን በውሃ ያስለቅቁና ፀሐይ ላይ ያውጡት።

ወለሉን እያጠቡ ሽንት የሚመጥጠውን መርሳት

ፒያሳ አካባቢ የሳንቃ ወለል ባለው አሮጌ ቤት ውስጥ የሚኖሩ አባት ነበሩ። ልጃቸው ወለሉን በየቀኑ ትወለውላለች፤ ሽታው ግን ከቦታው አልነቃነቅ አለ። ምንጩ አባባ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡበት ወንበር ስፖንጅ ነበር። የወንበሩ ልብስ ደጋግሞ ታጥቧል፤ ስፖንጁን ግን አውጥቶ ያሸተተ ሰው የለም። ስፖንጁ ተጥሎ በላስቲክ የተሸፈነ አዲስ ሲገባ ነገሩ አበቃ።

ስለዚህ ተንበርክከው ያሽትቱ። ስጋጃውን፣ የአልጋውን እግር፣ ነጠላ ጫማቸውን፣ ከአልጋው አጠገብ ያለውን ግድግዳ፣ የትራሱን ውስጥ። ከሁሉ በላይ ጋቢውን። ጋቢ ሌሊት ከሰውነት አይለይም፣ ቀን ትከሻ ላይ ነው፤ ለማጠብና ለማድረቅ አድካሚ ስለሆነ ደግሞ ተራው ሁልጊዜ ይዘልለዋል። አንዱ ሲታጠብ የሚለበስ ሁለተኛ ጋቢ ካለ ችግሩ ግማሽ በግማሽ ይቀላል። ፍራሹን ሳይረጥብ በፊት በላስቲክ ይሸፍኑት፤ ላስቲኩ ግን ቆዳቸውን እንዳይነካ ከላዩ ወፍራም የጥጥ አንሶላ ይሁን፤ ቆዳ በላስቲክ ላይ ካላበ ይቆስላል።

ዕጣን፣ ከሰልና የተዘጋ መስኮት

ዕጣን ቦታ አለው፤ ቤት የእናት ቤት የሚሆነው በእሱም ነው። ግን ሽንትና ዕጣን ሲደባለቁ ሁለቱንም የማይመስል ሦስተኛ ሽታ ይወለዳል፤ ጭሱም የአረጋዊን ሳንባ ይቆጠቁጣል። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ተኝተው ያሉ ሰዎችን ይገድላል።

«ብርድ ይመታቸዋል» ተብሎ መስኮት የማይከፈትባቸውን ቤቶች መቁጠር ትቻለሁ። ፍርሃቱን አልንቅም፤ የአዲስ አበባ ማለዳ በእርግጥ ይበርዳል። እናትዎን በጋቢ ሸፍነው ሳሎን ያስቀምጧቸው፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል መስኮቱንና በሩን በአንድ ላይ ለ15 ደቂቃ ይክፈቱ። አየሩ የሚለወጠው በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ነው።

አጫጭሮቹ

በክረምት ልብስ በደንብ ሳይደርቅ አጥፎ ቁም ሣጥን ማስገባት። ያገለገለ ዳይፐርን በፌስታል ሳይቋጥሩ ቅርጫት ውስጥ መጣል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ሳይታጠብ ማደሩ። ፎጣና አንሶላን በልብስ ማለስለሻ መንከር፤ ማለስለሻው ክሩን ስለሚሸፍን ፎጣው ውሃ መምጠጥ ያቅተዋል፣ ሽታም ይይዛል።

ገላን በየቀኑ በሳሙና መፈተግ

በ2001 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ከ40 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ገላ ላይ ኖኔናል የሚባል ንጥረ ነገር አግኝተዋል። የቆዳ ቅባት ከአየር ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነው። የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም፤ የዕድሜ ነገር ነው። ቅባታማ ስለሆነ የሚከማቸው በአንገትጌና በትራስ ልብስ ላይ ነው። እነዚያን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ። አረጋዊ ቆዳ ግን ስስ ነው፤ በየቀኑ በጠንካራ ሳሙና ሲፈተግ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሙሉ ገላ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ይበቃል፤ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጡት ሥርና የእግር ጣት መሐል ግን በየቀኑ ይታጠብ፣ በደንብም ይድረቅ።

በፊታቸው ስለ ሽታ ማውራት

ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ «ይቅርታ፣ ክፍሉ ይሸታል» ይባላል፤ እማማ አልጋቸው ላይ ሆነው ይሰማሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የረጠበ ልብሳቸውን ከፍራሽ ሥርና ከሣጥን ጀርባ መደበቅ ይጀምራሉ። ልጆች ይህን ሲያገኙ ይቆጣሉ፤ እኔ ደግሞ በልጆቹ እቆጣለሁ። ሰባት ልጅ አጥበው ያሳደጉ እናት ናቸው እኮ! እጃቸው የሚደርስበት ቦታ ክዳን ያለው ባልዲ ያስቀምጡላቸው፤ «የሚታጠብ ካለ እዚህ ያድርጉልኝ» ይበሏቸው፤ ስለሌላው ዝም ይበሉ።

ድንገተኛ ሽታን የጽዳት ጉዳይ አድርጎ ማየት

ሽታው በድንገት ከተለወጠ ባልዲውን ያስቀምጡና ገላቸውን ይመልከቱ። የበሰበሰ ነገር የሚመስል ሽታ ካለ መቀመጫቸውን፣ ዳሌያቸውንና ተረከዛቸውን ገልጠው ይዩ፤ የአልጋ ቁስል በጋቢ ሥር ተደብቆ ይከፋል። ከአልጋ የማይነሱ ከሆነ በየ2 ሰዓቱ ያገላብጧቸው። ሽንታቸው ከደፈረሰና ሲሸኑ ካቃጠላቸው ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልጋል። ትንፋሻቸው የፍራፍሬ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ዓይነት ሽታ ካመጣ፣ በተለይ የስኳር ሕመም ካለባቸው፣ ለነገ አያሳድሩት፤ የዚያኑ ሰዓት ወደ ሕክምና ይውሰዷቸው። አብሽ የሚጠጡ ከሆነ ላባቸውና ሽንታቸው ጣፋጭ ሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። ሐኪሙ እንዳይሳሳት ግን አብሽ እንደሚጠጡ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉና ሽታው የተለወጠበትን ቀን ይንገሩት።