ሌሊት አርቪያችን (አልጋና ሽንት ቤት ያለው መኪናችን) ውስጥ የሚያጉረመርመው ምን ነበር?

ልክ እንቅልፍ ሲወስደን «ጥርርር» ይልና ጭጭ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይነሳል። ባለቤቴ «አይጥ ነው» ብላ ወጥመድ አስገዛችኝ። አይጥ ግን እንዲህ ሰዓት ጠብቆ አይጮህም!

ድምፁ ሲነሳ አልጋው ሥር ያለውን የውሃ ፓምፕ በእጄ ነካሁት። ይንቀጠቀጣል። ቧንቧ የከፈተ ሰው የለም። ይህ የ12 ቮልት ፓምፕ በራሱ የሚነሳው የመስመሩ ግፊት ሲወርድ ነው። ስለዚህ ውሃ የሆነ ቦታ ይሾልካል ማለት ነው።

በየመገጣጠሚያው ደረቅ ሶፍት ጠቀለልኩና ተኛሁ። ጠዋት ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለው ብቻ ርሷል። ፈትቼ ሳየው የውስጡ የጎማ ቀለበት ተሰንጥቋል። ቀየርኩት፤ ጸጥ አለ።

ሶፍቱ ሁሉ ደረቅ ከሆነባችሁ የፓምፑን የራሱን ቫልቭ ጠርጥሩ። እሱ ሲደክም ውሃውን ወደ ታንከሩ ይመልሳል። ፓምፑን አጥፍቶ መተኛትም ይቻላል፤ ፍሳሹ ግን ወለሉን ያበሰብሰዋል።