መኪና ሳልነዳ የሥራ ጉዞ አበሌን ከግብር እንዴት እንዳስወጣሁ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። በዓይኔ ምክንያት መንጃ ፈቃድ ማውጣት አልችልም። ሥራዬ ግን ደንበኛ ያለበት ድረስ መሄድ ነው፤ አንድ ቀን ሰበታ፣ ሌላ ቀን ለገጣፎ። ሚኒባስ እየቀያየርኩ እሄዳለሁ፣ ሲመሽብኝ ራይድ እጠራለሁ።

መሥሪያ ቤቴ ለዚህ ገንዘብ ይከፍለኛል። ችግሩ፣ ፔሮሉ ላይ ከደመወዜ ጋር ተደምሮ ግብር ይቆረጥበት ነበር። በጣም ከነከነኝ።

መጀመሪያ ገቢዎች ልሂድ ብዬ ነበር። ግን በእኛ ሕግ ተቀጣሪ ራሱ ወጪውን አያስቀንስም፤ ግብሩን አስልቶ የሚቆርጠው አሠሪው ነው። ስለዚህ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ን አንቀጽ 65 አትሜ ፋይናንስ ክፍል ገባሁ። በሥራ ውል መሠረት ለመጓጓዣ የሚሰጥ አበልም ሆነ ለሥራ ጉዞ የወጣ ወጪ ሲተካ፣ በመመሪያ በተወሰነው መጠን ከግብር ነፃ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ «ውልሽ ላይ እኮ የለም፣ እህቴ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቁልፉ እዚህ ጋ ነበር። አበሉ ውሌ ላይ ለብቻው እንዲጻፍ አመለከትኩ፤ የሐኪም ማስረጃዬንም አያያዝኩ።

ሚኒባስ ደረሰኝ አይሰጥም። ስለዚህ ቀኑን፣ መነሻውን፣ መድረሻውንና ምክንያቱን ቅጽ ላይ እሞላለሁ፤ አለቃዬ በየሳምንቱ ይፈርማል። የራይዱን ደረሰኝ ከሥሩ አያይዛለሁ። ከቤት ቢሮ የምመላለስበትን ግን አልጽፍም፤ እሱ የሥራ ጉዞ አይደለም።

በቀጣዩ ወር አበሉ ፔሮሉ ላይ ለብቻው ወጣ።