የቆቃን አልጌ በሳተላይት ምስል እንዴት እንከታተል?

የቆቃ ሐይቅ አንዳንድ ጠዋት አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። አረንጓዴው ማይክሮሲስቲስ የሚባል በዓይን የማይለይ ፍጥረት ሲበዛ የሚታይ ነው። በተለምዶ አልጌ እንለዋለን። ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ዳርቻው ላይ ግን ከብቱን የሚያጠጣ፣ ልብሱን የሚያጥብ፣ ለቤቱም የሚቀዳ ሰው አለ። አልጌው መቼ እንደሚበዛና ወደየትኛው ዳርቻ እንደሚሰበሰብ ከሳተላይት ምስል መከታተል ይቻላል። ምስሉ በነፃ ነው። ደህና ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካላችሁ ይበቃል።

ሴንቲኔል 2ን ተጠቀሙ። የአውሮፓ ሳተላይቶች ናቸው፤ የመጀመሪያው የመጠቀው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለት ሳተላይቶች እየተፈራረቁ አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ ያነሳሉ። ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ከዚያ በፊት የነበረውን ለማየት ጥሩ ናቸው፤ ለአልጌ ግን አልመርጣቸውም። ሳተላይት ብርሃኑን በየቀለሙ ከፋፍሎ ይመዘግባል፤ እያንዳንዱ ክፍል ባንድ ይባላል። ለእኛ ዋናው የሴንቲኔል 2 ባንድ 5፣ ማለትም 705 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ብርሃን፣ ላንድሳት 8 እና 9 ላይ የለም። ምስሎቹ የሚገኙበት ኮፐርኒከስ ብራውዘር የሚባል ድረ ገጽ ላይ አካውንት ክፈቱ፣ ቆቃን ፈልጉ፣ ደረጃ 2ኤ የሚለውን፣ ማለትም የአየሩ ተጽዕኖ የተስተካከለለትን ምስል አውርዱ።

ስትመርጡ የደመናውን መቶኛ አትመኑ። ቁጥሩ 110 ኪሎ ሜትር በ110 ኪሎ ሜትር ለሆነ ሰፊ ካሬ የተሰላ እንጂ የሐይቁ ብቻ አይደለም። 40 በመቶ ደመና የተጻፈበት ምስል ላይ ቆቃ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። 5 በመቶው ደግሞ በሙሉ ሐይቁ ላይ ያረፈ ሊሆን ይችላል። በዓይናችሁ እዩት። ክረምት ላይ ብዙ ምስል አትጠብቁ።

ካወረዳችሁት ፎልደር ውስጥ የ20 ሜትሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ፒክስል (የምስሉ ነጥብ) 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነውን፣ ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነፃ የካርታ ፕሮግራም ክፈቱ። የሚያስፈልገን ሁሉ እዚያ አለ። ስሌቱ አንድ መስመር ነው፦ ከባንድ 5 ላይ ባንድ 4ን ቀንሱ፣ ውጤቱን ለሁለቱ ድምር አካፍሉ። ክሎሮፊል፣ ማለትም የአልጌው አረንጓዴ ቀለም፣ ቀዩን ብርሃን፣ ማለትም ባንድ 4ን፣ ይውጣል። አልጌ ሲበዛ ባንድ 5 ከፍ ይላል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር አልጌው በዝቷል ማለት ነው። በሰማያዊና በአረንጓዴ ብርሃን የሚሠሩ ቀመሮችን ለቆቃ አልመክርም፤ አዋሽና ሞጆ ይዘውት የሚገቡት ደለል ያሳስታቸዋል።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የብዙ ዓመት ምስል ሰብስቤ ግራፍ ሠራሁ። ከ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ ቁጥሩ ድንገት ወርዶ አገኘሁት። ሐይቁ እየጠራ ነው ብዬ ደመደምኩ። ስብሰባ ላይም አቀረብኩት። ስህተት ነበር። ከጃንዋሪ 25 ቀን 2022 ጀምሮ የሚዘጋጁት ምስሎች እያንዳንዱ ፒክስል ላይ 1000 ይጨመርባቸዋል። ጨለማ ቦታ ላይ ከዜሮ በታች የሚወርዱ ቁጥሮች እንዳይጠፉ ነው። እኔ አልቀነስኩትም።

ምን ያህል እንደሚያዛባ ተመልከቱ። ባንድ 5 ላይ 500፣ ባንድ 4 ላይ 400 አለ እንበል። ልዩነቱ 100፣ ድምሩ 900፣ ውጤቱ 0.11 ነው። ሁለቱም ላይ 1000 ሲጨመር ልዩነቱ ያው 100 ነው፤ ድምሩ ግን 2900 ይሆናል። ውጤቱ 0.03 ላይ ይወርዳል። ውሃው ያው ነው፣ አልጌውም ያው ነው። ውሃ ጥቁር ስለሆነ ቁጥሮቹ ትንንሽ ናቸው፤ ለዚህ ነው ስህተቱ እንዲህ የሚጎላው። ያንን ግራፍ አምኖ ውሃው ደህና ነው የሚል ሰው ቢኖርስ? ይህ እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል።

በቀኑ ግን አትመሩ፤ የቆዩ ምስሎችም በአዲሱ መንገድ እንደገና ተዘጋጅተዋል። የፋይሉን ስም እዩ። ኤን ከሚለው ፊደል ቀጥሎ 4 አሃዝ አለ። 0400 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከሁሉም ባንድ 1000 ቀንሱ። ምስሉን ሳታወርዱ በኢንተርኔት ላይ በጉግል ኧርዝ ኢንጂን የምትሠሩ ሃርሞናይዝድ የሚለውን ስብስብ ከወሰዳችሁ ተስተካክሎ ይጠብቃችኋል።

ቀጥሎ ውሃውን ከመሬቱ ለዩ። ባንድ 3 ሲቀነስ ባንድ 11፣ ለድምራቸው ተካፍሎ፣ ከዜሮ በላይ የሆነውን ያዙ። ከዳር 3 ፒክስል ያህል ጣሉ። ይህንን ለእያንዳንዱ ምስል እንደ አዲስ ሥሩ። ቆቃ በግድብ የተፈጠረ ሐይቅ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ ዳርቻው ላይ ሣር ይበቅላል። ባለፈው ወር ካርታ ከሠራችሁ ሣሩን አልጌ ብላችሁ ትቆጥራላችሁ። እምቦጭም እንደዚሁ ያታልላል። ደግሞ ይህ ማጣሪያ ውሃው ላይ ተጋግሮ የተኛ አልጌንም አንዳንዴ አብሮ ይጥላል። ያ ደግሞ የከፋው ቀን ነው። የተጣለውን ቦታ ሁልጊዜ በእውነተኛ ቀለሙ ምስል ላይ አይታችሁ አረጋግጡ።

እስካሁን ያገኛችሁት የቀለም ቁጥር ነው። በሊትር ስንት ማይክሮግራም ክሎሮፊል እንዳለ ለማወቅ ሐይቁ ላይ መውጣት ግድ ነው። መርዙን፣ ፍሎራይዱን፣ ከቆዳ ፋብሪካ የሚመጣ ክሮሚየምን ሳተላይት አያይም። ካርታው ላይ ንጹሕ የመሰለውን ዳርቻ ማንም ይጠጣው አትበሉ።

ሳተላይቱ የሚያልፈው ረፋዱ ላይ፣ ወደ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ናሙናውም በዚያው ሰዓት ይቀዳ። ነፋስ ሲነሳ የተንሳፈፈው አልጌ ቦታ ይቀይራልና የከሰዓት ናሙና ከጠዋት ምስል ጋር አይገጥምም። ከዳር ራቅ ብላችሁ ከ5 ወይም 6 ቦታ ቅዱ። ቦታውን በስልካችሁ ጂፒኤስ መዝግቡ። ጠርሙሱን ከፀሐይ ሸፍናችሁ በረዶ ውስጥ አድርጉና በዚያው ቀን ላብራቶሪ አድርሱት።

የሚያልፍበትን ቀን ቀድማችሁ አስሉና ከዋዜማው ለጀልባ ባለቤቱ ደውሉ። ጠዋት ሰማዩ ከተዘጋ ነዳጅ ሳታባክኑ ለ5 ቀን አስተላልፉት።