ሲጋራ ካቆሙ በኋላ አልቀንስ ያለን ክብደት እንዴት መያዝ ይቻላል?

ሲጋራ ካቆሙ ወራት ተቆጥረዋል፤ ማለዳ ማለዳ ይራመዳሉ፤ ኬክና ለስላሳ መጠጥም ትተዋል፤ ክብደትዎ ግን አልቀንስ ብሏል። በዚህ ጊዜ ራስዎን በስንፍና ከመውቀስዎ በፊት ኒኮቲን በሰውነትዎ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ይወቁ። ኒኮቲን የልብ ምትን እያፋጠነ፣ ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ እንኳ የሚያቃጥለውን ኃይል ይጨምራል፤ ረሃብንም ያፍናል። ሲጋራው ሲቀር ሁለቱም ይቀራሉ፤ ደንዝዞ የነበረው የምላስና የአፍንጫ ስሜትም ስለሚመለስ ምግብ እንደ አዲስ ይጣፍጣል። ስለዚህ ቀድሞ ክብደትዎን ሳይለውጥ ያኖርዎ የነበረው ማዕድ ዛሬ ለሰውነትዎ ትርፍ ሆኗል። ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚጨምሩ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚጨምረው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው።

በእነዚህ 3 ወራት ለመክሳት አይጣደፉ። ረሃብና የሲጋራ አምሮት በስሜት ስለሚመሳሰሉ፣ ራሱን በረሃብ የሚቀጣ ሰው ወደ ሲጋራው የመመለስ ዕድሉ ይሰፋል፤ ለልብና ለሳንባ ደግሞ ከጥቂት ኪሎዎች ይልቅ ሲጋራው እጅግ የከፋ ጠላት ነው። በቅድሚያ ክብደቱ ባለበት እንዲቆም ይጣሩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ይመዘኑ፤ የወገብዎንም ዙሪያ በሜትር ለክተው ይመዝግቡ።

ቀጥሎ በጤናማው ማዕድ ውስጥ የተሸሸገውን ትርፍ ይፈልጉ፤ ከልምድ እንደማየው ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ሲጋራውን የለመደ እጅና አፍ ምትክ ስለሚሻ፣ ቡና ሲፈላ ቆሎው፣ ለውዙና ፈንዲሻው ሳይታወቅ ያልቃል። 30 ግራም ገደማ የሚሆን አንድ እፍኝ ለውዝ ከ160 ካሎሪ በላይ አለው፤ በግማሽ ሰዓት ፈጣን እርምጃ የሚቃጠለውም ከዚህ እምብዛም አይበልጥም። ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ተጨምሮበት ከአቦል እስከ በረካ የተጠጣ ቡና ወደ 100 ካሎሪ ይጠጋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የጾም ወጥ ሥጋና ቅቤ ስለሌለው ብቻ ቀላል ነው ማለት አይቻልም፤ ሽሮውና ምስሩ ብዙ ዘይት ይጠጣሉና። ዘይቱን ከጠርሙስ ከማንቆርቆር ይልቅ በማንኪያ እየለኩ ይጨምሩ፤ ከእንጀራው ቀነስ አድርገው ጎመኑንና ሰላጣውን ያብዙ፤ ቆሎውንም በትንሽ ስኒ ሰፍረው ያቅርቡ። አፍ ሥራ ሲፈልግ ካሮት መቆርጠም፣ ውኃ መጎንጨት ወይም ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክ ይረዳል።

ስለ ቡና ሌላም ነገር አለ። የትምባሆ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ ከደም እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ጭሱ ሲቀር ግን በዚያው ልክ የተጠጣ ቡና በደም ውስጥ የሚተወው ካፌይን እጥፍ ሊደርስ ይችላል። እንቅልፍ የሚነሳዎትና የሚያቁነጠንጥዎት ይኸው ሊሆን ይችላል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውም በማግስቱ ጣፋጭና ቅባት ያምረዋል። የቡናውን መጠን ይቀንሱ፤ ከቀትር በኋላም ባይጠጡ ይመረጣል።

በእርምጃው ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጨምሩ፤ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት ወይም በውኃ የተሞላ ጀሪካን ማንሣት ይበቃል። ጡንቻ ሲዳብር ወገብ እየጠበበ ክብደት ላይቀንስ ስለሚችል፣ ሜትሩ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ለ3 ወራት ያህል አድርገው ክብደቱ መጨመሩን ካላቆመ ሐኪም ያማክሩ። ብርድ የሚበዛብዎ፣ የሚደክምዎና ሆድዎ የሚደርቅ ከሆነ የታይሮይድ ዕጢ፣ ውኃ ጥምና ሽንት የሚበዛብዎ ከሆነ ደግሞ የደም ስኳር ሊመረመር ይገባል። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ክብደት ስለሚጨምሩ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉና ሲጋራ ያቆሙበትን ቀን ጽፈው ይዘው ይሂዱ።