መስመሩን ያዙ፣ መጽሐፉን ልቀቁት

መጽሐፍ ላይ በእስክሪብቶ የምታሰምሩ፣ እባካችሁ ተዉ። እኔ ሳነብ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ነጥብ ብቻ አደርጋለሁ። ስጨርስ የነካኝን መስመር ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ በእጄ እገለብጥና ነጥቡን በላጲስ አጠፋዋለሁ። ደራሲውን፣ ርዕሱንና ገጹን ከሥሩ ጻፉ፤ በተለይ ገጹን፣ ኋላ ሲፈለግ ያስለቅሳል። በስልክ ማንሳትም ሞክሬ ነበር፤ ከሰርግ ፎቶ መሃል ተቀብሮ ቀረ።

ከዚያ መጽሐፉ ይሂድ። ባለፈው አንዱን ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ ስንጠጣ ለጓደኛዬ ሰጠሁት፤ አሁን አዘዞ ደርሷል አሉ። «አውሼሃለሁ» አትበሉ፣ የተዋሰ መጽሐፍ መቼ ተመልሶ ያውቃል! የመጀመሪያው ገጽ ላይ «አንብበህ አሳልፍ» ብላችሁ ስጡ። ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ግን በፌስታል ጠቅልሉት፤ የጎንደር ዝናብ ባጃጅ ውስጥም ይገባል።