ካንሰርን በሽምብራ ቆሎ ማስተማር

ደብረ ማርቆስ ላይ የባዮሎጂ ተማሪዎችን ስለ ካንሰር ማስተማር ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በስላይድ ጨረስኳቸው። ልጆቹ ፈተናውን በደንብ ያልፉ ነበር። ሚውቴሽን (የዘረመል ለውጥ) ምንድን ነው ስላቸው በእንግሊዝኛ ይወርዱታል። "እስኪ ይህንኑ ለእናትህ ንገራት" ስል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል።

አካሄዴን የለወጠው ቤታችን የደረሰ ነገር ነው። እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ለማህፀን በር ምርመራ ሄዳ "ኤችፒቪ ፖዘቲቭ" ተባለች፤ ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ተገኝቶባት ነው። እሷ የሰማችው "ኤችአይቪ" ነው። እኛ ዘንድ "ፖዘቲቭ" ሲባል ሰው ሌላ ምን ያስባል? ሦስት ሳምንት ለማንም ትንፍሽ ሳትል፣ እህል አልወርድ ብሏት፣ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ከረመች። የተነገራት ነገር ስህተት አልነበረውም። የጎደለው ሁለት ሐረግ ብቻ ነው፦ "ይሄ ኤችአይቪ አይደለም፤ ካንሰርም አይደለም።" ያንን መናገር ያለባቸው ነገ የሚመረቁት ልጆቻችን ናቸው።

ስለዚህ ባዮሎጂውንና አነጋገሩን ለያይታችሁ አታስተምሩ። አንድ ካንሰር ምረጡና ሁሉን በእሱ አሳዩ። እኔ የማህፀን በር ካንሰርን እመርጣለሁ። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። መነሻውም ይታወቃል፤ ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ነው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሃራልድ ዙር ሀውዘን ይህን በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ኖቤል ተሸልመዋል። ክትባቱም አገራችን የገባው በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ስለሆነ፣ ክፍል ውስጥ ራሳቸው የተከተቡ ሴት ተማሪዎች ታገኛላችሁ።

መጀመሪያ ቃላቱን አጥሩ። እኔ ሰሌዳው ላይ "ነቀርሳ" ብዬ ጽፌ ምን ማለት ነው እላለሁ። ግማሹ ካንሰር ይላል፣ ግማሹ ቲቢ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው። "የሳንባ ነቀርሳ" ቲቢ ነው፤ የሳንባ ካንሰር ሌላ በሽታ ነው። ተማሪው ሰው ፊት ሲቆም "ካንሰር" ይበል፣ ይገላገል። "የማህፀን ካንሰር" እና "የማህፀን በር ካንሰር" ይለዩ። እብጠት ሁሉ ካንሰር እንዳልሆነም ከዚሁ ጋር ይነገር።

ቀጥሎ ሽምብራው። የሽምብራ ቆሎና የአንድ ብር ሳንቲሞች ይበቃሉ። ስልሳውን ተማሪ ለሁለት ክፈሉ። ለሠላሳው ሁለት ሁለት ሽምብራ ስጡ፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት የተወረሰ፣ ህዋስ ዝም ብሎ እንዳይባዛ የሚገታ ደህና ዘረመል ነው። ለቀሪው ሠላሳ አንድ አንድ ብቻ፤ እነዚህ አንዱ ተበላሽቶ የተወለዱ ናቸው። በየዙሩ እያንዳንዱ ሳንቲሙን ሦስት ጊዜ ይወርውር። ሦስቱንም ጊዜ አንበሳው ወደ ላይ ከሆነ አንድ ሽምብራ ይብላ፤ ሚውቴሽን አንዱን ዘረመል አበላሸው ማለት ነው። ሽምብራው ያለቀበት ብድግ ይላል፤ ካንሰር ጀመረው ማለት ነው። በአምስተኛው ዙር ገደማ ከባለ አንዶቹ ግማሽ ያህሉ ይቆማሉ። ከባለ ሁለቶቹ ግን ሦስት ወይም አራት ቢቆሙ ነው።

አሜሪካዊው ተመራማሪ አልፍሬድ ክኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በሕፃናት የዓይን ካንሰር ላይ ያዩት ይህንን ነው። በዘር የወረሱት ልጆች ቶሎ ይታመማሉ፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱም ዓይን። እኔ የክኑድሰንን ስም የምጠራው ልጆቹ ከቆሙ በኋላ ነው። ቀድሜ ከጠራሁት ይጽፉታል እንጂ አያዩትም።

ከዚያ አንዷን ባለ ሁለት ሽምብራ ወደ ፊት እጠራለሁ። "ጨብጪያቸው" እላትና ጭብጧን በነጠላ ጠበቅ አድርጌ አስራለሁ። ሽምብራዎቹ እጇ ውስጥ ናቸው፣ ግን ልታወጣቸው አትችልም። ኤችፒቪ የሚያደርገው ይህን ነው። ዘረመሉ ደህና ነው፤ የሚሠራው ፕሮቲን ግን ይጠቃል። የቫይረሱ ኢ6 የተባለ ፕሮቲን ፒ53ን ያስፈርሰዋል፣ ኢ7 ደግሞ አርቢን ጠፍሮ ይይዘዋል። ፒ53ም አርቢም ህዋሱ ዝም ብሎ እንዳይባዛ የሚገቱት የራሱ ፕሮቲኖች ናቸው። ከስላይዱ ሁሉ ይልቅ ልጆቹ ከዓመት በኋላ የሚያነሱልኝ ያችን ነጠላ ነው።

ለካንሰር ምሳሌ ራሳቸው ያምጡ። ጎጃም ላይ የሚመጣው አረም ነው፣ የገበሬ ልጆች ናቸውና። አትከልክሏቸው፤ "ምሳሌው የት ላይ ይሰበራል?" በሏቸው። አንዱ አረሙን ትቶ እንክርዳድ አለ፣ ስንዴ ስለሚመስል። የደጀኑ ልጅ ቀበል አድርጎ፣ "እንክርዳድም ሌላ ዘር ነው፤ ካንሰሩ ግን የበሽተኛዋ የራሷ ስንዴ ነው" አለው። ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ለምን ጸጉር እንደሚያረግፍ ለማስረዳት ከዚያ የተሻለ መንደርደሪያ አላገኘሁም። ካንሰሩንም ጸጉር የሚያበቅለውንም፣ ቶሎ ቶሎ የሚባዛውን የራስን ህዋስ ነው የሚመታው።

የቤት ሥራው ስለ ኤችፒቪና ስለ ማህፀን በር ካንሰር ለአንድ ሰው በሁለት ደቂቃ መንገር ነው። በአማርኛ፣ ፊደል ላልቆጠረ ሰው፣ በአካል ወይም በስልክ። ከመቶ ሃያ እሰጠዋለሁ፤ አሥሩ ሰውየው ለጠየቀው ጥያቄ ነው፣ ቃል በቃል ተጽፎ ሲመጣ። ጥያቄ ያልመጣለት ተማሪ ደግሞ ይሄዳል። ማስፈራራት ክልክል ነው። የምን እንደሆነ ሳይናገሩ "ፖዘቲቭ" ማለትም ክልክል ነው። አብዛኛው ሰው ቫይረሱን በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ እንደሚያጠፋው፣ ሳይጠፋ ቢቆይም ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ 15 እና 20 ዓመት እንደሚፈጅ፣ ምርመራ የሚጠቅመውም ለዚህ እንደሆነ ሳይናገሩ እንዳይነሱ። ጠበል ከተነሳ ክርክር አይግቡ። ጠበሉንም ምርመራውንም ይበሉ።

ስለዚሁ በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ግማሽ ገጽ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ያኔ ብዙ ማረም አይፈልግም።

ባለፈው ዓመት አንዲት የቢቸና ልጅ ለአያቷ ነግራ የአያቷን ጥያቄ ይዛልኝ መጣች። "ከወንዱ ነው የሚመጣ ካልሽኝ፣ እሱን ለምን አይመረምሩትም?" ልጅቷ መልስ አልነበራትም። ሰኞ ስላይዴን ዘግቼ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ለወንዶች መደበኛ የኤችፒቪ ምርመራ ለምን እንደሌለ፣ ቫይረሱ ወንዱን ምን እንደሚያደርገው ስንነጋገር ሁለት ሰዓቱ አለቀ።